ከአረንጓዴው ኮረብታ እስከ ጉርድ ፎቶ

በሬድመንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ በኮምፒውተር ሙያ ይተዳደርም በሌላ፣ አንድ ፎቶግራፍ ሳያውቀው አይቀርም። አረንጓዴ ኮረብታ ነው፤ ከበላዩ ሰማያዊ ሰማይና ጥቂት ነጭ ደመና አለ። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ የሚግጥ በግ እንኳ የለበትም። የሬድመንዱ ማይክሮሶፍት ኩባንያ «ዊንዶውስ ኤክስፒ» የተባለውን ፕሮግራም በኦክቶበር 2001 ለገበያ ሲያወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ፊት ለፊት ድቅን የሚለው ይኸው ሥዕል ነበር። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ ለዘመዱ ኢሜይል የላከ ሰው አይቶታል። ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ በገንዘብ ያዡ ትከሻ ላይ አሻግሮ የተመለከተም አይቶታል። ብዙ ሰው ግን በኮምፒውተር የተሳለ እንጂ በምድር ላይ ያለ ቦታ አይመስለውም ነበር።

ቦታው በካሊፎርኒያ ግዛት ሶኖማ በሚባለው አውራጃ ከመንገድ ዳር ይገኛል። ፎቶውን ያነሡት ሚስተር ቻርልስ ኦሪር ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሠሩ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ጊዜው ጃንዋሪ 1996 ነው። ሥራ ተሰጥቷቸው አልነበረም፤ ኋላ ያገቧትን ወዳጃቸውን ለመጠየቅ መኪናቸውን እየነዱ ይጓዙ ነበር። ኮረብታው ቀድሞ የወይን ማሳ ሲሆን ሥር የሚበላ ተባይ ገብቶበት ወይኑ ተነቅሏል፤ በዝናቡ ወራት የበቀለው ሣር ብቻ ቀርቷል። ተባዩ ባይገባ ኖሮ ሥዕሉም አይኖርም ነበር ማለት ነው። ሚስተር ኦሪር መኪናቸውን አቁመው ወረዱ፣ ጥቂት ፎቶ አነሡ፣ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

የያዙት ካሜራ «ማሚያ አርዜድ 67» የተባለ የጃፓን ሥሪት ነው። ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጡብ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም ሲጎርስ የሚያነሣው አሥር ፎቶ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ለቁርሱ ፓንኬክ ሲቀርብለት ከዚያ የበለጠ ያነሣል። የካሜራው ክብደትና የፊልሙ ማነስ ግን ፎቶ አንሺውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ አሥር ብቻ ያለው ሰው አንዷን በከንቱ አያባክናትም። አሮጌ ካሜራ የሚወዱ ጡረተኛ ፎቶ አንሺዎች ለምን ትወዱታላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። ሌላው ሰው «የድሮ ሰው ግትርነት» ይለዋል። ግትርነትም ቢኖርበት ምክንያት ያለው ግትርነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማይክሮሶፍት ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ለመግዛት ሲስማማ ዋናውን ፊልም ፈለገ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ሚስተር ኦሪር ሲናገሩ እንደተሰማው፣ ዕቃ አመላላሽ ድርጅቶች የፊልሙ ዋጋ ሲነገራቸው ኢንሹራንስ ገብተን አንወስድም አሉ። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ተቆረጠላቸውና ፊልሙን በእጃቸው ይዘው ወደ ሲያትል በረሩ፣ ለኩባንያውም ራሳቸው አስረከቡ። ስንት እንደተከፈላቸው እንዳይናገሩ በውል ታስረዋል። ፊልምን ከገበያ ያስወጣው የኮምፒውተር ዘመን ለፊቱ ገጽ የመረጠው በፊልም የተነሣ ሥዕል ነበር፤ ያም ሥዕል ሬድመንድ የገባው በገመድ ሳይሆን በሰው እጅ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ፊልም ዕቃ ስለሆነ ነው። በላዩ የተቀባው የብር ውሕድ ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በኬሚካል ሲታጠብ ምስሉ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሃይፖ በተባለው ኬሚካል ውስጥ ሲነከር ምስሉ ይጸናል። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚያዝ፣ በመስኮት ብርሃን የሚታይ፣ በሣጥን የሚቆለፍ ነገር ነው። ሊቃጠልም፣ ሊሰረቅም፣ ድንበር ሊሻገርም ይችላል።

በዚያው በሲያትል አካባቢ የዚህን ነገር ክብደት ቀደም ብሎ የተረዳ ሰው ነበር። ቢል ጌትስ በ1989፣ ከማይክሮሶፍት ውጪ፣ በግል ገንዘባቸው ሥዕሎችን በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ኋላ ኮርቢስ ተባለ። በ1995 ደግሞ የቤትማንን ስብስብ ገዙ። ኦቶ ቤትማን በበርሊን ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1935 ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ ሲገቡ ይዘዋቸው ከመጡት ነገሮች ዋነኞቹ ሥዕልና ፊልም የታጨቀባቸው ሁለት ትላልቅ ሣጥኖች ነበሩ። ከዚያች ሁለት ሣጥን ተነሥቶ ስብስቡ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ፤ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የዜና ፎቶዎችም ገቡበት። ኮርቢስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥዕሎቹ እንዳይበላሹ በፔንሲልቬንያ ከመሬት በታች ባለ የድሮ የኖራ ድንጋይ ማውጫ ዋሻ ውስጥ በቅዝቃዜ አስቀመጣቸው። በ2016 የኮርቢስ ሥዕሎች ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተሸጡ። የስደተኛ ሣጥን ብዙ ይጓዛል።

ኢትዮጵያውያንም የዚህ ዓይነቱ ታሪክ አላቸው፤ እንዲያውም ረጅም ነው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ በሰፊው የገባው ከጦር ጋር ነው። በ1867 እና በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የሠራዊቱ መሐንዲሶች የፎቶ መሣሪያቸውን በበቅሎ ጭነው ነበር። ካርታ እያባዙ፣ ተራራውንና ሰፈሩን፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሡ። ዐፄ ቴዎድሮስን ግን በሕይወት ሳሉ ያነሣቸው የለም። የሚታወቁት መልኮቻቸው በእጅ የተሳሉ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን ከዘመቻው ጋር የመጡት የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምስ በእርሳስ ነደፉት። ካሜራው እዚያው ሰፈር ውስጥ እያለ ማለት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር በገባ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ዝነኛ ፎቶ አንሺ ፊት ቀረበ። በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። የአባቱን ፎቶ ማየት ያልቻለው ልጅ የራሱ ፎቶ በዓለም ሙዚየሞች ቀርቷል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ የቤተ መንግሥት ሆነ። በ1879 ሸዋ የገቡት የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶ ሰብስበዋል፤ ስብስባቸው ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ቀጥሎም ተራው የአርመኖች ሆነ። ቤድሮስ ቦያጅያን በ1905 አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ። ልጃቸው ሃይጋዝ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሁለተኛው ልጅ ቶርኮም (በብዙዎች ዘንድ ቶኒ የሚባሉት) ሥራውን ወረሱ። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የነገሡትን ሰዎች ፊት ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከአንድ የስደተኛ ቤተሰብ ጨለማ ክፍል በወጣ ወረቀት ነው።

የካሜራ ኃይልም ያን ጊዜ ታወቀ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ሻሽ ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶ በከተማው ተሠራጨ። ፎቶው በፎቶ ቤት ተቀጣጥሎ የተሠራ የሐሰት ሥራ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። በኮምፒውተር ሥዕል እየቀላቀሉ ሰው ማሳሳት የዚህ ዘመን ፈጠራ ለሚመስለው ሰው፣ መቀስና ሙጫም ለዚያ ሥራ በቂ እንደነበሩ ማስታወስ ይገባል።

በኖቬምበር 1930 የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ሲከበር ናሽናል ጂኦግራፊክ በቀለም ፎቶግራፍ አንሥቶ በጁን 1931 እትሙ አወጣው። የዓለም ጋዜጠኞች አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት ግን በ1935፣ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ነው። ከመጡት አንዱ አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው የጀርመን አይሁዳዊ፣ ኪስ የምትገባውን ላይካ ካሜራ የያዘ ነበር። ላይካ ከ1925 ጀምሮ ለገበያ የቀረበች፣ ባለሙያውን ከሦስት እግር ማቆሚያ ነፃ ያወጣች ካሜራ ናት። አይዘንስታት ንጉሠ ነገሥቱንም አንሥቷል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ካነሣቸው ሁሉ ሰው የማይረሳው አንድ ተኩስ የሚለማመድ ወታደር በደረቱ ተኝቶ ሳለ ከበስተኋላው የተነሣውን ባዶ የእግሩን መዳፍ ነው። የተሰነጣጠቀ፣ የደረቀ፣ አገር ያካለለ እግር ነው። ፊቱ አይታይም፣ ስሙ አይታወቅም። ስለዚያ ጦርነት ከተጻፈው ብዙ ወረቀት ይልቅ ያ እግር ይናገራል።

የተራው ሰው ፊት የተመዘገበው ግን በውጭ ጋዜጠኛ ካሜራ ሳይሆን በሰፈር ፎቶ ቤት ነው።

ፎቶ ቤት ማለት ምን እንደነበረ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነ አንባቢ ያስታውሳል። በሩ ላይ በመስታወት ውስጥ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ ይደረደራል፤ እዚያ መስታወት ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ማዕረግ ነው። ገባ ሲባል ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ከጎኑ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ በሚስማር የተሰቀለ ኮትና ክራቫት አለ። ለሁሉም ሰው አንድ ኮት ነው፤ ለወፍራሙ ከኋላ ይከፈታል፣ ለቀጭኑ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። መጋረጃው ላይ ሐይቅ ወይም አበባ ተስሏል። ፎቶ አንሺው ጨርቁን ገልጦ ይወጣና አገጭ ያቀናል፣ ትከሻ ይገፋል፣ ተመልሶ ይገባል። «አይጨፍኑ!» ይላል፤ ሰውየውም ያን ሲሰማ ይጨፍናል። ከዚያ «ነገ ማታ ይምጡ» ይባላል። ጥቁርና ነጩ ፎቶ ከታጠበ በኋላ ለፈለገ በቀጭን ብሩሽ ከንፈሩ ቀላ፣ የጥበቡ ጥለት ወርቃማ ይደረግለታል።

ከሁሉም የሚበዛው ሥራ ጉርድ ፎቶ ነው። ለትምህርት ቤት ጉርድ፣ ለመታወቂያ ጉርድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ፣ ለሐኪም ወረቀት ጉርድ። «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ይቅረቡ» የማይል ማስታወቂያ የለም። ሰው አራት አስነሥቶ ሁለቱን ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለወዳጁ ያስቀምጣል። በጀርባውም «ይህች ጉርድ ፎቶዬ ለማስታወሻ ትሁንልህ» ብሎ ይጽፍባታል። ፎቶ አንሺውም ሆነ ተነሺው ታሪክ እየሠራን ነው አይሉም። የቀኑ ገበያ ነው።

በሴፕቴምበር 1974 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ብዙ ፎቶ ከግድግዳ ወረደ። ከጃንሆይ እጅ ሽልማት ሲቀበል የተነሣ ሰው ያን ፎቶ ከፍራሽ ሥር ከተተው፤ ፈሪው በምድጃ አነደደው። ቀጥሎ በ1977 እና በ1978 ቀይ ሽብር ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ወጣት ያለበት ቤት መጽሐፉንና ወረቀቱን ሌሊት ያቃጥል ነበር፤ አብረው በቡድን የተነሡት ፎቶ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ስለሚመሰክር ከመጽሐፍ የበለጠ ያስፈራል። ስንት የትምህርት ቤት ትዝታ በዚያ ሁለት ዓመት ዐመድ ሆነ!

ያመለጠው ጉርዱ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ በሙጫ የተለጠፈው፣ እናት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው፣ በውድቅ መታወቂያ ላይ ማኅተም ያረፈበት። በ2010 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ የገባ ሰው ግድግዳውን ሞልቶ ከላይ እስከ ታች የተደረደረውን የሰው ፊት ያያል። ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ጠጉሩን አፍሮ ያደረገ፣ ኮሌታው የሰፋ ሸሚዝ የለበሰ፣ ለፈተና መታወቂያ ሲል የተነሣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። ፎቶ አንሺው አገጩን አቅንቶለት ነበር፤ ዐይኑ አልተጨፈነም። ለብዙ ቤተሰብ መቃብር አልነበረም፤ ያችን ጉርድ ነበር ያለው። ከቤተ መንግሥት ፎቶዎች ሁሉ ይልቅ የዚህ ግድግዳ ዋጋ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው የደርግ ዘመን ሌላ ዓይነት ካሜራ አገር ገባ። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ሲመለሱ ዜኒት አንግበው የመጡ ብዙ ናቸው። ዜኒት ከባድ ነው፣ ድምፁ በር እንደሚዘጋ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ርካሽ፣ ጉልበቱ ብርቱ ነው። ዜኒት ኢ የተባለው የብርሃን መለኪያው ሳይቀር ያለ ባትሪ ይሠራል። ስሜናና ሉቢቴልም ነበሩ። ፌድ የተባለው ደግሞ በ1934 በካርኮቭ ከተማ ወላጅ አልባ ልጆች በሚሠሩበት ፋብሪካ የላይካን መልክ ቀድቶ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙ የሶቪየት የምሥጢር ፖሊስ መሥራች የነበረው የዠርዥንስኪ ስም መጀመሪያ ፊደላት ነው። በፖሊስ ስም የተጠራ ካሜራ የልደት ኬክ ሲቆረስ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ሶደሬ ሲዋኝ ማንሣቱ ከዘመኑ ቀልዶች አንዱ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ፎቶ ከፎቶ ቤት ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። ባለ 36 ፊልም አንድ ቤተሰብ ከፋሲካ እስከ መስቀል ይበቃዋል።

የዚህን ሁሉ ዘመን ሁለት ገጽ በአንድ ዐይን ያዩ አንድ ባለሙያ አሉ፤ አቶ ሽመልስ ደስታ። ከ1963 ገደማ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1965፣ ጄኔራል ደ ጎል በ1966 አዲስ አበባን የጎበኙበት ጊዜ ነው። ንጉሡ ሲወርዱም ሥራቸውን አልተዉም፤ ያው ካሜራ የደርግን ባለ ሥልጣኖች ማንሣት ቀጠለ። በ1982 አገር ለቀው ለንደን ተሰደዱ። ነጋቲቮቻቸውም በድብቅ ወጥተው ተከተሏቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ያ ሁሉ ታሪክ በአንድ ስደተኛ ቤት ተቀምጦ ኖረ። በ2007፣ በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዓመት፣ ለንደን ውስጥ ፎቶግራፈርስ ጋለሪ በሚባለው አዳራሽ ለሕዝብ ታየ። ቤትማን ሣጥኖቹን ይዞ ከበርሊን ከወጣው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ለቤትማን ሥዕሎች ዋሻ የሚያዘጋጅ ባለጸጋ ተገኘ፤ ለእኛ ሥዕሎች ግን ዋሻው የስደተኛው ቁም ሣጥን ነው።

አሜሪካ ለገባው ትውልድ ደግሞ ሌላ ፎቶ አለ፤ የዲቪ ፎቶ። ሕጉ በ1990 ወጥቶ ሎተሪው ሲጀመር ማመልከቻ በፖስታ ይላክ ነበር። ፎቶው በየጎኑ 37 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጀርባው ስም ተጽፎ በግልጽ ፕላስተር መለጠፍ ነበረበት፤ ስቴፕል የተመታበት ወይም በአግራፍ የተያዘ አይፈቀድም። በየፎቶ ቤቱ በር «የዲቪ ፎቶ እናነሣለን፣ ፎርም እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ጉርድ ፎቶ ከመታወቂያነት አልፎ የተስፋ ወረቀት ሆነ። ያው የሰፈር ፎቶ አንሺ፣ ያው መጋረጃ፣ ያው «አይጨፍኑ!»፤ አሁን ግን ፎቶው የሚጓዘው ውቅያኖስ አቋርጦ ነው። ዛሬ ሬድመንድ፣ ቤልቪው፣ ሲያትል ከሚኖረው ሐበሻ ስንቱ በዚያች 37 ሚሊ ሜትር ወረቀት አማካይነት እንደመጣ ራሱ ያውቃል።

በ2003 መጨረሻ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ፎቶውም ወረቀት መሆኑ ቀረና ፋይል ሆነ። ለሰፈሩ ፎቶ አንሺ ይህ የመጨረሻው ደወል ነበር ማለት ይቻላል። ጨለማ ክፍሉ ተዘጋ፣ በቦታው ኮምፒውተርና ማተሚያ ተተከለ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮችም በዚያ አረንጓዴ ኮረብታ ይከፈቱ ነበር። ወጣቱ ልጅ ሥራውን ተረከበ፤ አባትየው ዜኒቱን ወይም ያሺካውን ጠርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ነጋቲቭ የት ገባ? በየፖስታው ቁጥር ተጽፎበት በካርቶን የተደረደረው የአንድ ሰፈር ፊት ሁሉ? አንዳንዱ ከነካርቶኑ ተጥሏል፤ አንዳንዱ ጣሪያ እያፈሰሰበት ተጣብቋል። በ2010ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ጥቂት ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም ፎቶ እየለመኑ ሰብስበው መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል። ከቤተ መንግሥት አልነበረም የሰበሰቡት፤ ከቡና ጠረጴዛ ሥር እንጂ።

ዓለምም በዚህ መንገድ ነው ያለፈችው። ዲጂታል ካሜራን በ1975 የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭን ሳሰን ነው፤ ካሜራው 3.6 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ ልጁን ወልዶ ደበቀው፣ ልጁም አድጎ አባቱን ጣለው፤ ኩባንያው በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። የሚገርመው ፊልም ግን አልሞተም። ዛሬም ይሠራል፣ ይሸጣል፤ ገዢውም ጡረተኛው ብቻ ሳይሆን በስልክ ያደገው ወጣት ጭምር ነው።

ወደ ሬድመንድ ሳሎን እንመለስ። እንግዳ ሲመጣ፣ ቡና እስኪፈላ፣ አልበም ይቀርባል። ገለጥ ሲያደርጉት የ1960ዎቹ የአያት ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ትናንት የታጠበ ይመስላል። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የሠርግ ፎቶ ግን ቀልቷል፤ ሙሽራዋም፣ ኬኩም፣ ሰማዩም የበርበሬ መልክ ይዘዋል። ምክንያቱ ብር ጠንካራ በመሆኑና የዚያን ዘመን የቀለም ፎቶ ማቅለሚያዎች ጨለማ ውስጥ ቢቀመጡ እንኳ ስለሚደበዝዙ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊ ወገኑ ስለሆነ ቀዩ ይቀራል። በተለይ የሚያጣብቅ ገጽና የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አልበም፣ ያን ጊዜ ዘመናዊ ተብሎ በውድ የተገዛው፣ ለፎቶ ጠላቱ ነው። የተጣበቀውን በጥፍር ከመላጥ የጥርስ ክር ከሥሩ አሳልፎ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ይሻላል። ነጋቲቭ ካለ ማሽተት ይገባል፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ መበስበስ ጀምሯል፣ ከሌላው መለየትና ሳይውል ሳያድር ማስቀዳት ያስፈልጋል። ሞቃት ጣሪያ ሥርና እርጥብ ጋራዥ አይስማሙትም፤ ዝናብ በሚወደው በዚህ አካባቢ ደግሞ ጋራዥ ሁሉ እርጥብ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ስሙ ነው። የአሥራ አንድ ሰው ፎቶ ይገለጣል፤ ጃንሜዳ ነው፣ ጥምቀት ነው። ከግራ ሦስተኛው ማነው? ሬድመንድ የተወለደው ልጅ አያውቅም። እናትየዋ «የእትዬ ልጅ መሰለኝ» ትላለች። እርግጠኛዋ አዲስ አበባ ያሉት አክስት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል፣ ስልክ ሲደወልላቸው ግን ካባውን ማን እንዳሰፋለት ጭምር ያውቃሉ። ፎቶውን በስልክ አንሥቶ ልኮላቸው፣ እያንዳንዱን ስም ሲናገሩ መጻፍ ነው። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ቀለሙ በወረቀቱ አልፎ ፊት ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ባለው ፎቶ ላይም ያትማል። ለስላሳ እርሳስ ይያዝ፣ ፎቶው በደረቅ ጠረጴዛ ላይ ይገልበጥ፣ ሳይጫኑ ከጠርዙ አካባቢ ይጻፍ፤ ስም ከነአባት፣ ቦታ፣ ዓመት። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ለይቶ ማስቀመጥ አይዘንጋ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሟችን በሕይወት ያሳያል።